ለ37 ፕሮፌሰሮች ጽፌ ሁለት ብቻ መለሱልኝ

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። ጠያቂዋ የምትኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በ2015 ዓ.ም. በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች። የመመረቂያ ጥናቷ በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለሙ ሰላጣና ቆስጣ ውስጥ ስላለው ክሮሚየም ስለሚባለው ብረት ነበር፤ 24 ናሙና ወስዳ ለክታለች። አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ውጭ አገር ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ መማር ስለምትፈልግ፣ ከማመልከቷ በፊት ለ37 ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ላከች። ሁለት መለሱ። አንዱ «በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አመልክቺ» አላት። ሌላው «የናሙናዎችሽን ውጤት ልታሳዪኝ ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ግን መረጃዬን ይወስድብኛል ብላ ፈርታ ሦስት ሳምንት አልመለሰችለትም። «ጥፋቴ ምንድን ነው? ከማመልከቴ በፊት መጻፍስ ያስፈልጋል ወይ?» ትላለች። የላከችውን ደብዳቤም አያይዛለች።

እህቴ፣ ከ37 ሰው ሁለት መልስ ማግኘት አንቺ እንዳሰብሽው ውርደት አይደለም። ሁለተኛው መልስማ ትልቅ ነገር ነው። ምን ብለሽ እንደምትመልሺለት መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሠላሳ አምስቱ ለምን ዝም እንዳሉ እንይ። እኔ ሥራዬ የውሃ ኬሚስትሪ ነው። ዶክትሬቴን የሠራሁት ጀርመን ነው። አሁን ዓለም ገና እየኖርኩ ተማሪዎች አማክራለሁ፤ አንዳንዶቹን ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር በጋራ ነው የማማክረው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ጽፌም አውቃለሁ፣ ይደርሰኛልም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ችግሩ ቋንቋ አይደለም። «እጅግ የተከበሩ ጌታዬ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ስለ ትጋትሽ፣ ስለ ሕልምሽ፣ አገርሽን ለማገልገል ስላለሽ ፍላጎት ሁለት አንቀጽ ይሄዳል። ቀጥሎ የትምህርት ዕድል እንዲሰጥሽ በትሕትና ይጠይቃል። አቃቂ የሚለው ቃል የመጣው በመጨረሻው አንቀጽ ነው፣ ያውም በግማሽ ዓረፍተ ነገር። ይኼ ደብዳቤ ለታሪክ ፕሮፌሰርም፣ ለሕክምና ፕሮፌሰርም ሊላክ ይችላል። የደረሰው ሰውም ይኼ ወዲያው ይታየዋል።

እኛ ማመልከቻ መጻፍ ነው የለመድነው። ለወረዳ፣ ለሰው ሀብት ክፍል፣ ለሬጅስትራር «ጉዳዩ፦ ስለመጠየቅ» ብለን እንጀምራለን፣ ችግራችንን እንዘረዝራለን፣ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብለን እንፈርማለን። አንቺም ሳታውቂው ያንኑ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ነው የጻፍሽው። ፕሮፌሰሩ ግን ቢሮ ቁጭ ብሎ የትምህርት ዕድል የሚያድል ባለሥልጣን አይደለም። አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ይዞ ይጨነቃል፣ ለዚያ ጥያቄ ከሆነ ቦታ ገንዘብ አግኝቷል ወይም እያፈላለገ ነው፣ ከእሱ ጋር ለዓመታት የሚሠራ ሰውም ይፈልጋል። ደብዳቤሽን ሲከፍት በልቡ የሚጠይቀው «ይቺ ልጅ የእኔን ሥራ ታውቀዋለች ወይ? ምን ሠርታ ታውቃለች?» ብሎ ነው። ድህነታችንን ወይም ትሕትናችንን አይደለም የሚመዝነው።

ይኼን የምልሽ ራሴ ስላለፍኩበት ነው። በጊዜዬ ሰበታ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ፣ በደቂቃ እየከፈልኩ፣ አንዱን ደብዳቤ ስም ብቻ እየቀያየርኩ ላክሁ። ለአንዱ ፕሮፌሰር የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም እንዳለበት ሄደ። «ደብዳቤው ለእኔ የተጻፈ አይመስለኝም» ብሎ መለሰልኝ። ያን ቀን በጣም አፈርኩ። በኋላ የተቀበለኝን ሰው ያገኘሁት አንድ ጽሑፉን ሁለት ሳምንት ሙሉ ደጋግሜ አንብቤ በጻፍኩለት ስድስት መስመር ነው።

አሁን ስለ አንቺ እናውራ፤ በእጅሽ ያለው ነገር ዋጋው የገባሽ አልመሰለኝም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው፣ የቆዳ ፋብሪካውንም የሌላውንም ፋብሪካ የቤቱንም ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። በመንገዳቸው የከተማው ሰው የሚበላውን ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ። ካናዳ ወይም ጀርመን ሆኖ ብረታ ብረት ከአፈር ወደ ተክል እንዴት እንደሚገባ የሚያጠና ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዕቃ ውስጥ በተከለው ተክል ላይ ነው። አፈሩን ራሱ ያዘጋጃል፣ ክሮሚየሙን ራሱ ይጨምራል። አንቺ ግን ለረጅም ዓመታት እንዲህ ባለ ውሃ ከለማ እርሻ ላይ ናሙና ወስደሻል። ገበሬው ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚለቅ ታውቂያለሽ፣ በቋንቋው ታናግሪዋለሽ፣ ነገ ጠዋት ታክሲ ይዘሽ ተመልሰሽ መሄድ ትችያለሽ። ይኼን እሱ በገንዘብ ቢፈልገው እንኳ በቀላሉ አያገኘውም።

ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ የቀበርሽው አንድ ነገር አለ። ገበሬዎቹ ሰላጣውን ወደ ገበያ ከመላካቸው በፊት እዚያው ወንዝ ውስጥ ያጥቡታል ብለሻል። እህቴ፣ ይኼ እኮ የምርምር ጥያቄ ነው! ክሮሚየም በአብዛኛው ሥር ላይ ይቀራል፤ ወደ ቅጠል የሚወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ላይ ብዙ ካገኘሽ፣ ተክሉ ከአፈር ስቦት ነው ወይስ ሲታጠብ ላዩ ላይ ተለጥፎ ነው? ናሙናውን ከመፍጨትሽ በፊት በተጣራ ውሃ አጥበሽው ነበር? የለካሽው ጠቅላላ ክሮሚየም ነው ወይስ ክሮሚየም ስድስት የሚባለውን መርዛማውን ዓይነት ለይተሽ? እነዚህን ማንሳት የምትችል ተማሪ መልስ የማግኘት ዕድሏ ሌላ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው። ትርጉሙን ብቻ ውሰጂ፣ እንግሊዝኛውን በራስሽ ቃል ጻፊው፦

«ውድ ፕሮፌሰር እከሌ፣ ሰላጣ ሥር ላይ ስለሚቀር ክሮሚየም ያሳተሙትን ጽሑፍ አነበብኩ። እኔ በአዲስ አበባ ዳርቻ በአቃቂ ወንዝ ከሚለሙ እርሻዎች 24 የሰላጣና የቆስጣ ናሙናዎች ወስጄ ለክቻለሁ። እርስዎ አብዛኛው ሥር ላይ እንደሚቀር አሳይተዋል፤ እኔ ቅጠሉ ላይ ከጠበቅኩት በላይ አገኘሁ። ገበሬዎቹ ምርቱን በዚያው የወንዝ ውሃ ስለሚያጥቡት ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ፣ በጥናቴ ግን ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ይኼን ጥያቄ በማስተርስ ደረጃ መቀጠል እፈልጋለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪ የመቀበል ሐሳብ አለዎት? ሲቪዬንና የጥናቴን የአንድ ገጽ መግለጫ አያይዣለሁ።»

በቃ፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ስልክ ላይ ሲከፈት ብዙም ወደ ታች ሳይጎተት ይለቅ። ርዕሱ ላይ «የትምህርት ዕድል ጥያቄ» አትበዪ፤ «በአቃቂ ወንዝ በለማ ሰላጣ ውስጥ ክሮሚየም፣ የማስተርስ አመልካች» ይሻላል። ቻትጂፒቲ ሰዋስው ቢያርምልሽ ችግር የለውም፣ ግን እሱ ራሱ ከጻፈው ያስታውቃል፤ ደብዳቤው መልሶ ለማንም የሚሆን ይሆናል። ከቻልሽ ቅጠል የምትለቅሚበትን ሜዳ አንድ ፎቶ መግለጫው ላይ አስገቢ።

ጥቃቅን የሚመስሉ ግን እኛን በተለይ የሚጎዱ ነገሮች አሉ። ስም አንዱ ነው። እኛ «ዶክተር አበበ» ብለን በራሱ ስም መጥራታችን ክብር ነው። ፈረንጆቹ ዘንድ ግን ከፕሮፌሰር ቀጥሎ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ነው። ለቻይና፣ ለጃፓንና ለኮሪያ ሰዎች ደግሞ የቤተሰብ ስሙ የቱ እንደሆነ አረጋግጪ፤ አገራቸው ውስጥ እሱ ነው ቀድሞ የሚጻፈው፣ ጽሑፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። «ጌታዬ» ያልሻቸው ሴት ፕሮፌሰሮች እንዳሉም ከዝርዝርሽ አይቻለሁ። አንቺን ደግሞ በአባትሽ ስም ሊጠሩሽ ይችላሉ፣ አይግረምሽ። ፓስፖርትሽ ላይ ያለውን አጻጻፍ ሁሉም ቦታ ሳትለዋውጪ ተጠቀሚ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሲቪሽ ላይ «በ2015 ተመረቅኩ» ብለሽ ጽፈሻል። ያ ሰው በእሱ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። ስምንት ዓመት ምን ስታደርግ ነበር ብሎ ያስባል! 2023 በይው። ሲቪውን ሁለት ገጽ አድርጊ፣ ፒዲኤፍ ይሁን። ለአሜሪካና ለካናዳ ፎቶ፣ የጋብቻ ሁኔታና ሃይማኖት አይጻፍም። ስካን ያደረግሽውን ሰርተፊኬት ሁሉ መጀመሪያ ደብዳቤ ላይ መጫን ይቅር፤ ሲጠይቅሽ ትልኪያለሽ።

አሁን «መጻፍስ ያስፈልጋል ወይ?» ወዳልሽው ልምጣ። እሱ በአገሩና በፕሮግራሙ ይወሰናል፣ ለሁሉም አንድ መልስ የለውም። መጀመሪያ ግን ማስተርስ ነው ፒኤችዲ የሚለውን ወስኚ። «ወይም» የሚለው ቃል ያልወሰንሽ ያስመስልሻል። አብዛኛው አውሮፓ ለፒኤችዲ ማስተርስ ይጠይቃል። አሜሪካ በመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ፒኤችዲ መግባት ይቻላል፤ በሳይንስ መስኮች ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያውንም የኑሮውንም ይሸፍናሉ። ግን አሜሪካም ሁለት ዓይነት ነው። ብዙ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ክፍሎች ተማሪ የሚመርጡት በኮሚቴ ነው፣ አማካሪሽን ከገባሽ በኋላ ነው የምታገኚው፤ እዚያ ኢሜይልሽ ብዙም አይወስንም። በአፈር ሳይንስ፣ በአካባቢ ምህንድስና፣ በሥነ ምህዳር ግን ብዙ ቦታ ፕሮፌሰሩ «እወስዳታለሁ» ካላለ ማመልከቻሽ አይንቀሳቀስም። ያንቺ ጥናት የሚያርፈው እዚህ ላይ ነውና የኬሚስትሪ ክፍሎችን ብቻ አትፈልጊ።

ካናዳ ለአንቺ ጥሩ ይመስለኛል። በጥናት የሚሠራ ማስተርስ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ገንዘብ አለው፣ ብዙ ክፍሎች ደግሞ አማካሪ ሳታገኚ አትግቢ ይላሉ። ስለዚህ እዚያ መጻፍ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ጃፓን በመንግሥት ስኮላርሺፕ በኤምባሲ በኩል ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ካለፍሽ በኋላ ከፕሮፌሰር የመቀበያ ደብዳቤ ትጠየቂያለሽ። ቻይናም የፕሮፌሰር ደብዳቤ ይጠቅማል። ስዊድን፣ ኖርዌይና ኔዘርላንድስ ፒኤችዲ እንደ ማንኛውም ሥራ ማስታወቂያ ይወጣለታል፤ ማስታወቂያ ሳይኖር መጻፍ ብዙም አያዋጣም። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስና የቤልጂየሙ ቪ.ኤል.አይ.አር. የሚባሉት የማስተርስ ስኮላርሺፖች የሚመዝኑት ማመልከቻሽን ነው። ለእነሱ ፕሮፌሰር ስታሳድጂ ጊዜ አታጥፊ፣ ቅጹን በደንብ ሙዪ።

ሰውየውን እንዴት ታገኚዋለሽ? የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ዝርዝር ይዘሽ ከላይ ወደ ታች አትውረጂ። ጉግል ስኮላር ላይ ስለ አቃቂ ወንዝ የተጻፉትን ፈልጊ። ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው የጻፉ የውጭ ተመራማሪዎችን ስም መዝግቢ። እነዚህ አገራችንን ያውቃሉ፣ የውጤት ወረቀታችንም እንግዳ አይሆንባቸውም። ከዚያ የላብራቶሪያቸውን ገጽ ክፈቺ። ብዙዎቹ ተማሪ እንደሚፈልጉ ወይም እንደማይፈልጉ እዚያው ይጽፋሉ። ገንዘብ እንዳላቸውም ማየት ይቻላል። የአሜሪካው ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ለማን ስንት እንደሰጠ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መፈለጊያ ላይ ያወጣል፤ ጀርመኖቹም ጌፕሪስ የሚባል አላቸው። በቅርቡ አዲስ ገንዘብ ያገኘ ሰው ተማሪ የመፈለግ ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚህ መንገድ ስድስት ሰባት ሰው ብታገኚ ከ37ቱ ይበልጥብሻል። ለአንድ ክፍል ፕሮፌሰሮች በአንድ ቀን አትላኪ፣ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ጊዜውስ? የአሜሪካ ፒኤችዲ ማመልከቻ ብዙው የሚዘጋው ዲሴምበር መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ በእኛ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 ባለው። ስለዚህ ደብዳቤው ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቢሄድ ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አውሮፓውያኑ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ አንቺ ደግሞ አብዛኛውን የላክሽው ነሐሴ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ጠብቂና በዚያው ኢሜይል ላይ አንድ አጭር ማስታወሻ ላኪ። ካልመለሰ ተዪው፣ ሦስተኛ አትላኪ። እስከዚያው የኮስት ሼሪንግ ጉዳይሽን ጨርሺ። እሱ ካልተዘጋ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይላክልሽም፣ ብዙ ልጅ በዚህ ምክንያት ዴድላይን አልፎታል። የማመልከቻ ክፍያ በዶላር ሲሆን ከዚህ ሆኖ መክፈል ከባድ ነው፤ ክፍያው እንዲነሳልሽ መጠየቅ ይቻላል፣ የምትጠይቂው ግን ፕሮፌሰሩን ሳይሆን የድህረ ምረቃ ቢሮውን ነው።

አንድ ነገር አደራ። «የፕሮፌሰር አክሰፕታንስ እናመጣልሻለን» ብለው ብር የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። እውነተኛ ፕሮፌሰር ተማሪ ለመቀበል ገንዘብ አይጠይቅም። ለአንቺ ሌላ ሰው ሊጽፍልሽም አይችልም፤ ቃለ መጠይቁ ላይ አንቺ ነሽ የምትቀርቢው።

ውጭ ውጭ ብቻ አትዪ ደግሞ። ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለቤትሽ ቅርብ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢም አራት ኪሎ አለ። በውሃና በአፈር ላይ የሚሠራ መምህር ፈልገሽ ተመሳሳይ ደብዳቤ ጻፊለት፣ ቅዳሜ ላብራቶሪው ውስጥ ማገዝ እንደምትችዪ ንገሪው። ናሙና ማጠብም ቢሆን። ስድስት ወር በዓይኑ ያየሽ ሰው የሚጽፍልሽ የድጋፍ ደብዳቤ፣ «ጎበዝ ተማሪዬ ነበረች» ከሚለው በጣም ይለያል። ማስተርሱን እዚሁ መጀመር ከፈለግሽም የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን መውሰድ ይኖርብሻል።

መልስ ሲመጣና በቪዲዮ እንገናኝ ሲሉሽ፣ ሰዓቱን በእነሱም በእኛም አቆጣጠር ጽፈሽ ያዢ። በርሊን በእነሱ የብርድ ወራት ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ማለት እዚህ 11 ሰዓት ነው። አንድ ተማሪዬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ውሎ ተስፋ ቆርጦ ወጣ፣ ፕሮፌሰሩ ደግሞ ቆይቶ ገብቶ ብቻውን ጠበቀው። ኮዬ መብራት ስለማይታመን ስልክሽ ላይ ጥቅል ግዢ፣ ላፕቶፑን ቀድመሽ ቻርጅ አድርጊ። የማታውቂውን ሲጠይቅሽ «ይኼን አልሠራሁትም፣ ብሠራው ግን እንዲህ እጀምር ነበር» በይ። የገንዘብ ጥያቄ በዚህ ንግግር መጨረሻ ላይ ይነሳል፤ «ለዚህ ቦታ የገንዘብ ድጋፍ አለ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ፕሮፌሰር። ፍርሃትሽ ይገባኛል፣ የሰው ውጤት ወስደው ያሳተሙ ሰዎች የሉም አልልሽም። ግን ያንቺ ጥናት ስምሽና ቀኑ ተጽፎበት ዩኒቨርሲቲሽ ውስጥ ተቀምጧል። እሱም የጠየቀሽ ቁጥሮቹን ለመውሰድ አይመስለኝም፤ ቁጥር እንዴት እንደምትይዢ ማየት ፈልጎ ነው። መጀመሪያ ለአማካሪሽ ደውለሽ ንገሪው፣ ሥራው የእሱም ነው፣ አብሮ መጻፍም ሊፈልግ ይችላል። ጥሬ ፋይሉን አትላኪ። አንድ ገጽ አዘጋጂ፦ የናሙና ብዛት፣ ከየት እንደተወሰደ፣ አማካዩና ልዩነቱ፣ እንዴት እንዳዘጋጀሽው፣ መሣሪያው መለየት የሚችለው ትንሹ መጠን ስንት እንደሆነ። ከታች ደግሞ ያላደረግሽውን ጻፊ፤ ቅጠሉን ሳታጥቢ ለክተሽ ከሆነ ያንን በግልጽ በይ። ደካማ ጎኑን የምታውቅ ተማሪ ታስተማምናለች። ስለዘገየሽበት አንድ መስመር ይቅርታ ይበቃል፣ ምክንያት አትደርድሪ። መጨረሻ ላይ የወንዙን እጥበት ጥያቄ አንሺና እሱ ቢሆን እንዴት እንደሚለየው ጠይቂው። ዛሬ ማታ ጻፊው፣ ነገ ጠዋት አንዴ አንብቢውና ክፍል ከመግባትሽ በፊት ላኪው።